የአባቴ ቀሰም

ቁጭ ማለት አልተፈጠረልኝም። እናቴ ነፍሷን ይማርና፣ ሆዴ ውስጥ ሳለህም እንቅልፍ ነስተኸኛል ትለኝ ነበር። አባቴ ዳልጮ ደግሞ “እግሩ ጉድጓድ የማይቀመጥ ልጅ” ብሎ ስም አውጥቶልኛል። አባቴ ሸማኔ ነበር። ሸማኔ እግሩን መሬት ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ከትቶ፣ መርገጫውን እየረገጠ፣ ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ የሚውል ሰው ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ ሥራዬ ማጉን በቀሰም ላይ ማጠንጠን ነበር። ቀሰም ማለት በመወርወሪያው ውስጥ የሚገባ፣ ክሩ የሚጠነጠንበት፣ ጣት የምታህል የሸምበቆ ቁራጭ ናት። በሺህ የሚቆጠር ቀሰም አጠንጥኛለሁ፤ አንዱንም ሳልረግም አላጠነጠንኩም። በዐሥራ አራት ዓመቴ ከዚያ ቤት ወጣሁና ኪቦርድ ተማርኩ።

በ2005 ዓ.ም. አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ስቱዲዮ ነበረኝ። ስቱዲዮ ስል አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ማይክሮፎንና ግድግዳው ላይ የተለጠፈ የእንቁላል ካርቶን ማለቴ ነው። የመዘምራን አልበም እቀርጻለሁ፣ ቅዳሜና እሑድ ሰርግ እቀርጻለሁ፣ የሱቅ ማስታወቂያም አልንቅም። በከተማው አፉን ከፍቶ ያልቀረጽኩት ሰው አለ ቢሉኝ አላምንም ነበር።

በዚያ ዓመት ግንቦት ውስጥ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሔርሜላ የምትባል ልጅ ትንሽ ጥቁር ሳጥን በደረቷ አቅፋ መጣች። ገረሴ የምትባል ከተማ ልጅ ናት፤ አዲስ አበባ ሙዚቃ ተምራ ተመልሳ ሴቻ ሰፈር አንድ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ለሕፃናት መዝሙር ታስተምራለች። ሳጥኑን ስትከፍተው ብርማ ቁልፎች የተደረደሩበት ጥቁር እንጨት ወጣ። ክላርኔት ነው ወይ አልኳት። ኦቦ ይባላል፣ የክላርኔት ዘመድ ነው፣ ግን ጠባዩ ይከፋል አለችኝ። መሣሪያውን የሰጠቻት የድሮ መምህሯ ናት፤ ፈረንጅ ናት፤ ወደ አገሯ ስትመለስ ትታላት ሄደች። አሁን ደግሞ ደብዳቤ ልካለች። እዚያ አገር ያለ ትምህርት ቤት በየዓመቱ ለአንድ ተማሪ ነፃ ዕድል ይሰጣል፤ የሚፈልገው አጨዋወቷ የተቀረጸበት ዲስክ ነው። ደብዳቤው ዘግይቶ ደርሷል። የመምህሯ ወዳጅ ዓርብ ከአዲስ አበባ ይበራል፤ ዲስኩ እሱ እጅ ይግባ ከተባለ ሐሙስ ሲነጋ በሚወጣው አውቶቡስ መሳፈር አለበት። አዲስ አበባ ሄዳ እንዳትቀረጽ የምታስተምርበት መዋዕለ ሕፃናት ፈቃድ የሰጣት ያን ሰኞ ብቻ ነው።

ደንቡን ሁለቴ ነገረችኝ። አንድ መሣሪያ ብቻ፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ትንፋሽ፤ መቁረጥ የለ፣ መቀጠል የለ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። ራስ መነቅነቅ ምን ይገዳል።

የኦቦ ጉዱ ምላሱ ላይ ነው። እሷ “ሪድ” ትለዋለች፤ ከአፍ የምትገባዋ፣ ሁለት ስስ ቅጠል ተገጣጥመው በክር የታሰሩባት ትንሽ ነገር ናት። እሷ ካልተርገበገበች ያ ሁሉ ብርማ ቁልፍ ጌጥ ነው። ሔርሜላ በመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ የቀሯት ሁለት ብቻ ነበሩ። ከውጭ ካልመጣ አይገኝም፤ አርባ ምንጭ ሙቀት ውስጥ ደግሞ ዕድሜው አጭር ነው።

ያን ሰኞ ባስታውሰው እስካሁን እግሬን ያሳክከኛል። መጀመሪያ ስትጫወት፣ ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ጎረቤቴ ጌታነህ ብረት መቁረጫውን አስነሳ። ወጥቼ ተጣላሁት፤ ተጣልቼ ለመንኩት፤ ለምኜ ሻይ ጋበዝኩት። ሁለተኛ ስትጀምር፣ ልትጨርስ ምንም አልቀራትም፣ መብራት ሄደ። መብራት እስኪመጣ እሷ በሦስት እርምጃ ክፍል ውስጥ ትመላለሳለች፣ እኔ በሩ ላይ እመላለሳለሁ፤ እየተጋጨን ይቅርታ እንባባላለን። በዚህ መሀል አንዷ ምላስ ደርቃ ተሰነጠቀች። የሔርሜላ ፊት አመድ መሰለ።

መብራቱ የመጣው ዐሥር ሰዓት ላይ ነው። በቀረችው አንዲት ምላስ ጀመረች። ባጃጅ አልጮኸም፣ ዝናብ ቆርቆሮውን አልመታም፣ ጌታነህ ቃሉን ጠበቀ። ሃያ ደቂቃ ከምናምን ተጫውታ ጨረሰችና የኦቦውን ምላስ አውጥታ ብርሃን ላይ አየቻት። ጫፏ ተተርትሯል። “ሥራዋን ጨርሳ ሞተች” ብላ ሳቀች። በጠዋቱ ከገባች ጀምሮ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። ነገ ቀትር ላይ ዲስኩን እወስዳለሁ ብላ ሄደች።

እኔ ማክሰኞ ገና ሲነጋ ቁጭ ብዬ ሰማሁት። እውነቱን ልናገር፣ አሳዘነችኝ። ድምፁ ብቻውን ይሄዳል። ከሥር የሚይዘው ቤዝ የለ፣ ከጎን የሚያጅበው ኪቦርድ የለ። በየመሀሉም ዝም ትላለች፤ ዝምታው ይረዝማል፤ የረሳች ይመስላል። ይህቺ ልጅ ለኪቦርድ የምትከፍለው አጥታ ነው አልኩ። ፈረንጅ ፊት ራቁቷን ልትቆም ነው። እንግዳ ባዶ እጁን አይሸኝም፤ እኔም አልሸኛት አልኩ። መቁረጥ ተከልክሏል፤ መጨመርን ግን ማን ከለከለኝ? አምስት ሰዓት ያህል ሠራሁ። ቤዝ አገባሁ፣ እንደ ቫዮሊን የሚያለቅስ ድምፅ ደረብኩ፣ ኤኮ ለቀቅኩበት፣ ዝም የምትልበትን ቦታ ሁሉ በደወል ሞላሁት። በዕድሜዬ እንደዚያ ያማረ ሥራ የሠራሁ አልመሰለኝም። ከዚያ እንደ ልማዴ ዋናውን ቅጂ ሰረዝኩት፤ ኮምፒውተሬ በሰርግ ተሞልቶ መተንፈሻ አልነበረውም።

ቀትር ላይ መጣች። ገንዘብ አልቀበልም፣ ስጦታዬ ነው ብዬ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረግኩላት። ቆሜ ፊቷን አየሁ፤ ደስታዋን ልጠጣ ነው እንግዲህ። ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልሰማችም። ማዳመጫውን ቀስ ብላ አወለቀችና ዋናውን ስጠኝ አለች።

“ሰረዝኩት” አልኳት።

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ሁለት እጇን ጉልበቷ መሀል ከተተች። እኔም በጥፋቴ ላይ ቁጣ ጨመርኩበት፤ ይህ ጠባዬ ነው፣ ሳጠፋ እቆጣለሁ። ሰው ሊረዳሽ ሲለፋ፣ አምስት ሰዓት ሙሉ፣ በነፃ፣ እያልኩ ከመንገድ እስኪሰማ ተናገርኩ። ሁሉንም ሰምታ ስታበቃ፣ እዚያ የሚሰሙት ሰዎች የሚፈልጉት ራቁቷን መቆም ትችል እንደሆነ ማየት ነው አለችኝ። ያንን ነው የሸፈንክብኝ አለች።

እንደገና እንቅረጽ ስላት ብልቃጧን አውጥታ የተተረተረችውን ምላስ መዳፌ ላይ ጣለችልኝ። በምን? ነው ነገሩ። እኔ ያቺን ነገር ከቅርብ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር። አገላበጥኳት፤ በጥፍሬ ጫርኳት፤ አሸተትኳት። ጣቶቼ ከእኔ ቀድመው አወቋት።

“ይሄማ ቀሰም ነው” አልኳት።

ሔርሜላ ቀና አለች። ሸምበቆ መሆኑን እሷም ታውቃለች፤ መምህሯ ከሸምበቆ እንዴት እየተፋቀ እንደሚሠራ አስተምራታለች። ነገር ግን ከሐይቅ ዳር ተቆርጦ የመጣ እርጥብ ሸምበቆ አይሆንም፤ ዓመታት የደረቀ፣ ጠንካራ፣ ውፍረቱም ልክ የሆነ ይፈልጋል። እንደዚያ ያለ የት አለ አለችኝ። እኔ ባጃጅ እያስቆምኩ ነበር።

አባቴ ቤት ኩልፎ ወንዝ ዳር ነው። ከመስቀል ወዲህ አልሄድኩም ነበር፤ ያም ስምንት ወር ሊሆን ነው። ስንገባ እግሩ ጉድጓዱ ውስጥ፣ የጋቢ ድር ፊቱ ተዘርግቶ፣ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ እየላከ ነበር። ሹው፣ ጠቅ። ሹው፣ ጠቅ። እኔ ያን ድምፅ ስሰማ አሁንም መሸሽ ያምረኛል። “ሳሮ” አለ በጋሞኛ፣ ደህና ናችሁ እንደማለት፣ እጁ ሳያቆም።

“አባዬ፣ ቀሰም ፈልጌ ነው የመጣሁት” አልኩት።

እጁ ቆመ። ፊቱ ላይ የሆነውን እስክሞት አልረሳውም። ሽማግሌው በራ። “ልትሸምን ነው?” አለኝ። ሔርሜላ ናት በእርጋታ፣ አባባ እያለች፣ እርስዎ እያለች ያስረዳችው። ልጅዎ ሊሸምን አይደለም፣ እኔ ነኝ የቸገረኝ፣ ቀሰሙንም እሰነጥቀዋለሁ አለችው። ብርሃኑ ከፊቱ ላይ ሲጠፋ አየሁ። ከኋላው ያለውን ቅርጫት ስቦ ቀሰሞቹን አንድ በአንድ በጥፍሩ እየመታ ወደ ጆሮው አስጠጋ። ወደ መጨረሻ ከሌሎቹ የጠቆሩ አምስት ቀሰሞች ለየ። እነዚህ የአባቱ ናቸው፤ ከደጋ ሲወርድ ይዟቸው የመጣ፣ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጡ። ለሔርሜላ ሰጣት፤ እኔን አላየኝም።

ያን ከሰዓትና ረቡዕን ሙሉ ፋቀች። ረቡዕ ለመዋዕለ ሕፃናቱ ታምሜያለሁ ብላ ቀረች። መሣሪያዋ ምላጭና የጠርሙስ ስባሪ ነበር። ቀሰሙን ለሦስት ትሰነጥቀዋለች፣ ከሦስቱ ሳይጣመም የወጣውን አንዱን ወረቀት እስኪያክል ታሳሳዋለች፣ ውሃ ውስጥ ታቆየዋለች፣ ታጥፈዋለች፣ ከሞተችው ምላስ ባወጣችው የናስ ቱቦ ላይ በአባቴ ክር ታስረዋለች፤ ከዚያ ትነፋዋለች። የመጀመሪያው ተሰነጠቀ። ሁለተኛው ትንፋሽ እንጂ ድምፅ አላወጣም። ሦስተኛው እንደ ታመመ በግ ጮኸ፤ አባቴ ሳቀ። አራተኛውን እኔ ልያዝልሽ ብዬ ሰበርኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ሸምበቆ ግን አይለቀምም። አባቴ ውጣ አለኝ። ወጣሁ። ወንዙ ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ፣ በመስኮት አያለሁ፣ እንደገና እሄዳለሁ። ሰዓቱ እየሄደ ነው። ከውስጥ የሚሰማው የምላጩ ፍቀትና የአባቴ ሹው ጠቅ ብቻ ነው። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ሳይነጋገሩ እንደዚያ ተግባብተው ሲውሉ፣ እኔ ልጁ በገዛ አባቴ ደጅ ባዕድ ሆንኩ። ቀናሁ። ያማል እንጂ ምን ይባላል።

ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ አካባቢ፣ ወንዝ ዳር ቆሜ፣ ድምፅ ሰማሁ። አንድ ረጅም ድምፅ፤ ትንሽ ጎርናና፣ ትንሽ የአፈር፤ ሰኞ ከሰማሁት የወፈረ። ሮጬ ገባሁ። አምስተኛው ቀሰም ነበር። ሔርሜላ ዓይኗ እንባ አቅርሮ የኦቦውን ምላስ ከአፏ ሳታወጣ በእጇ ምልክት ሰጠችኝ፤ አሁን፣ እዚሁ። ለጋ ምላስ ናት፣ እስከ ሲቀላ በባጃጅ ብትንገጫገጭ ጠባይዋ ይለወጣል። ደግነቱ ለሰርግ የምይዛት በባትሪ የምትሠራ ትንሽ መቅረጫ በቦርሳዬ ነበረች። ጣውላ ላይ አስቀመጥኳትና ቁልፉን ተጫንኩ። አባቴ መወርወሪያውን ጭኑ ላይ አደረገ፤ እግሩን ከጉድጓዱ አላወጣም። እኔ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ሃያ አንድ ደቂቃ። ዝንብ አፍንጫዬ ላይ አረፈች። ጀርባዬን በላኝ። ግራ እግሬ በራሱ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ተረከዜ መሬቱን ሲመታ ይሰማኛል፣ ማይክሮፎኑም ይሰማዋል፣ ግን አልታዘዝ አለኝ። አባቴ ዘወር ሳይል ሰፊ እጁን ጉልበቴ ላይ ጫነ። እግሬ ቆመ። ልጅ ሳለሁ ማዕድ ላይ ስንቀመጥ እንዲህ ያደርገኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው የሰማሁት። ያ ባዶ ያልኩት ነገር ባዶ አልነበረም። ድምፁ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ የቆመበት ቦታ ላይ ከእሱ በፊት የነበረው ይሰማል፤ አንዱ ዜማ አልቆ ሌላው እስኪጀመር ያለው ዝምታ ሥራ ነበረው። ያን ዝምታ በደወል የሞላሁት እኔ ነኝ፤ አፈርኩ። የአባቴ እጅ አልተነሳም።

የመጨረሻው ድምፅ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። ሔርሜላ መሣሪያውን ዝቅ አደረገች። እኔ መጨረሻው እንዳይነካ ትንሽ ልጠብቅ ብዬ ጣቴን ቁልፉ ላይ ይዤ ሳለሁ፣ አባቴ መወርወሪያውን ወረወረ። ሹው፣ ጠቅ። ጋቢው ለቅዳሜ ገበያ ይደርሳል፤ የሙዚቃው ጉዳይ አብቅቷል፤ ሰውየው ሥራው ላይ ነው። ሹው፣ ጠቅ። ሹው፣ ጠቅ።

“አባዬ! ተው እንጂ! በቃ አታበላሽ!” አልኩና ቁልፉን ተጫንኩ።

እጁን ሰበሰበ። ሔርሜላ ግን ደክሟት ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች። ካለቀ በኋላ ነው፣ ምንም አልተበላሸም አለች። ልቁረጠው ስላት ፊቷን አጠቆረች። መቁረጥ የለም። “እንዳትነካው፣ ሲሳይ። አንድም ነገር” አለችኝ። ማልኩላት። ያን ማታም መብራት አልነበረምና አንድ ጀነሬተር ያለው የኢንተርኔት ቤት ሄጄ ዲስኩ ላይ ገለበጥኩት፤ መልሼ እንኳ አልሰማሁትም፣ ራሴን ስለማውቅ። ሐሙስ ሲነጋ ሾፌሩ እጅ አስቀመጥኩት። ቅዳሜ ሰርግ ነበረብኝና እንደ ልማዴ መቅረጫዋን ባዶ አደረግኳት።

ዕድሉን አገኘች። ነሐሴ ውስጥ ሰማን፣ መስከረም ላይ ሄደች። ከመሄዷ በፊት ለአባቴ ነጠላ ጫማና አንድ ኪሎ ስኳር ይዛ ሄዳ ተሰናበተችው። እኔ ያን ዓመት ከቀድሞው ይልቅ አባቴ ቤት መመላለስ ጀመርኩ፤ ተቀምጬ ግን አላመሸሁም። ሁልጊዜ የምሄድበት ነበረኝ።

በ2006 የካቲት አባቴ ሞተ። ሦስት ቀን አሞት ነው፤ ድሩ ግማሽ ላይ ነበር። ከቀብሩ በኋላ ለቀስተኛው ሲበተን አንድ ነገር ገባኝና ቀዝቃዛ ውሃ ተደፋብኝ። የከተማውን ሰው ሁሉ የቀረጽኩ ሰው፣ የአባቴ ድምፅ የለኝም። ፎቶው መታወቂያው ላይ ያለው ብቻ ነው። ሰርግ አለኝ፣ ምርቃት አለኝ፣ የሳሙና ማስታወቂያ አለኝ፤ ዳልጮ የለኝም። ስቱዲዮዬን ዘግቼ ሁለት ሳምንት ያህል ከተማውን በእግሬ ዞርኩት። ሴቻ እወጣለሁ፣ ሲቀላ እወርዳለሁ፣ ኩልፎ ዳር እቆማለሁ። አንድ ቀን እዚያው ወንዝ ዳር ያ ዲስክ ትዝ አለኝ።

ለሔርሜላ ጻፍኩላት። ያንን ቅጂ እንዳለ፣ ሳይቆረጥ፣ ላኪልኝ አልኳት። በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤቷ ጠይቃ ላከችው። ከኢንተርኔት ቤቱ እስካወርደው ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

የአባቴ ድምፅ መጨረሻው ላይ ዐሥራ አንድ ሴኮንድ ነው። ሹው፣ ጠቅ፤ ሹው፣ ጠቅ። ከላዩ ደግሞ የእኔ ድምፅ ይመጣል፣ እየጮኸ፣ አባዬ ተው እያለ፣ አታበላሽ እያለ። በዚያ ያልቃል። አባቴ ባለበት፣ በዓለም ላይ ብቸኛ በሆነው ቅጂ ውስጥ እኔ እቆጣዋለሁ።

እንዲህ ያለውን ነገር ማጥፋት ሙያዬ ነው። አንድ ጊዜ ጠቅ ባደርግ ቁጣዬ ይወጣል፣ የአባቴ መወርወሪያ ብቻውን ይቀራል፤ ማንም አያውቅም። ስንት የሰርግ ጠብ እንደዚያ አውጥቻለሁ። ይህን አልነካሁትም። ወደ መጨረሻው ዘልዬም አልሄድም። እሑድ እሑድ፣ ከቸርች መልስ፣ ማዳመጫውን አድርጌ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ፤ በአያቴ ቀሰም የምትነፋውን ልጅ፣ ዝምታዋን ሁሉ፣ ሃያ አንድ ደቂቃ እሰማታለሁ። ግራ እግሬ ሲጀምረው እጄን ጉልበቴ ላይ እጭናለሁ። ከዚያ አባቴ ሥራውን ይጀምራል።